በበረዶ ምድር የተቀበሩት የጥንት አራዊት፤ ማን አገኛቸው? ማንስ አተረፋቸው?

ስለ ጥንት ዘመን አራዊት ስንማር ብዙውን ጊዜ የሚቀርብልን አጥንት ነው። አጥንቱም ቢሆን ከዘመን ብዛት ወደ ድንጋይነት ተለውጦ የተገኘ ነው። እንስሳው ጠጉራም ይሁን ገላጣ፣ ምን ይበላ እንደነበረ፣ በምን ምክንያት እንደሞተ፣ ይህን ሁሉ ሊቃውንቱ ከድንጋዩ ተነሥተው በብዙ ድካም መገመት አለባቸው። ዳሩ ግን በዓለም ላይ አጥንቱ ብቻ ሳይሆን ቆዳው፣ ጠጉሩ፣ ሥጋው፣ አንዳንድ ጊዜም በሆዱ ያለው ምግብ ሳይቀር ተጠብቆ የሚገኝበት ምድር አለ። ይኸውም የሳይቤሪያ፣ የአላስካና የሰሜን ምዕራብ ካናዳ በረዶ ምድር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እንመለከታለን። የመጀመሪያው፣ በረዶው እነዚህን አራዊት እንዴት አድርጎ አቆያቸው? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ከበረዶው ብቅ ባሉ ጊዜ ማን አተረፋቸው? የሚለው ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። እኛ ግን ዋናው እርሱ ነው እንላለን። ምክንያቱም በረዶ 40 ሺህ ዓመት የጠበቀውን በድን ፀሐይና ውሻ በአንድ ክረምት ሊጨርሱት ይችላሉ። ክረምት ስንልም የእኛን የዝናብ ወራት ማለታችን ነው፤ በዚያ አገር በረዶው የሚላላበት የሙቀት ጊዜ የሚውለው በእኛ ሰኔና ሐምሌ ነውና። ዓመታቱን ግን በሙሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ምድሩ ምን ዓይነት ነው?

ሊቃውንቱ ፐርማፍሮስት የሚሉት ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ ከፍ ሳይል የሚኖር ምድር ነው። በሙቀት ወራት ከላይ ያለው ስስ አፈር ይቀልጣል፤ ሣርም ይበቅልበታል። ከእርሱ በታች ያለው ግን ዓመት እስከ ዓመት እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይኖራል። ከሩሲያ ምድር ከግማሽ የሚበልጠው እንዲህ ያለ ነው።

የዚህን ምድር ጥልቀት ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገመተው የምርምር ሰው ሳይሆን ውሃ የቸገረው ነጋዴ ነበር። ፊዮዶር ሸርጊን የተባለ የአንድ ንግድ ኩባንያ ሹም በያኩትስክ ከተማ የውሃ ጕድጓድ ሊያስቆፍር በ1828 ጀመረ። እስከ 1837 ድረስ ተቆፍሮ 116 ሜትር ተወረደ፤ ውሃ ግን አልተገኘም፤ አፈሩ አሁንም በረዶ ነበር። ሚደንዶርፍ የተባለው ሊቅ በ1840ዎቹ ወደዚያው ጕድጓድ ወርዶ የምድሩን ሙቀት በየደረጃው ለካ። የሰውየው ድካም ውሃ ባያስገኝለትም ለሳይንስ ትልቅ ትምህርት ሆነ።

እንስሳ በእንዲህ ያለ አገር ሲሞት ሁልጊዜ ይጠበቃል ማለት አይደለም። አብዛኛው እንደ ማንኛውም አገር ይበሰብሳል፤ አውሬም ይበላዋል። የሚጠበቀው ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ ወይም የወንዝ ዳር ተንዶበት፣ ወይም ጎርፍ ደለል አልብሶት ፈጥኖ የተሸፈነው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቅዝቃዜው ሲደርስበት በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እየተሳበ በዙሪያው በረዶ ይሆናል። ሥጋው እየደረቀ ይሄዳል። ነገሩን በቤታችን ምሳሌ ብንናገረው በድኑ ቋንጣ ይሆናል ማለት ነው፤ ልዩነቱ ቋንጣውን ያደረቀው ጭስና ነፋስ ሳይሆን ብርድ መሆኑ ነው።

ሹማኮቭና ሰባቱ ዓመታት

የሳይቤሪያ ሰዎች ማሞዝ የተባለውን ትልቅ ጠጉራም ዝሆን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። በ1692 በሩሲያ በኩል ወደ ቻይና የተላከው መልእክተኛ ኢዴስ እንደጻፈው፣ የአገሩ ሰዎች ማሞዝ እንደ ፍልፈል ከመሬት በታች እየተመላለሰ የሚኖር፣ አየርና ብርሃን ባገኘው ጊዜ የሚሞት እንስሳ ነው ይሉ ነበር። ይህን ሰምተን ብንስቅ ትክክል አንሆንም። እነዚህ ሰዎች እንስሳውን ሁልጊዜ የሚያዩት ከተናደ የወንዝ ዳር ብቅ ብሎ፣ ያውም ሞቶ ነው። በሕይወት ሲሄድ ያየው አንድም ሰው የለም። ካዩት ነገር ተነሥተው የደረሱበት ማብራሪያ ነው እንጂ ከባዶ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። እንስሳው ከምድር የጠፋ፣ ዛሬ ካሉት ዝሆኖችም የተለየ ዘር መሆኑን ኩቪዬ የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ ያስረዳው ገና በ1796 ነበር።

ከዚህ በኋላ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1799፣ ኦሲፕ ሹማኮቭ የተባለ የኤቨንክ ነገድ አዳኝ የሌና ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አገር አንድ ቅርጹ የማይለይ ነገር በበረዶ ውስጥ አየ። በየዓመቱ እየተመለሰ ሲያየው የእንስሳው ጎንና አንዱ ጥርሱ ብቅ አለለት። ለቤተ ሰቡና ለሽማግሌዎች ቢነግራቸው ደነገጡ። ቀደም ሲል በዚያው አገር እንዲህ ያለ አውሬ ያገኘ ሰው ከነቤተ ሰቡ አልቋል የሚል ወሬ ነበረና። ሹማኮቭም ከፍርሃቱ የተነሣ ታመመ። ሲድን ግን ጥርሱ የሚያወጣውን ዋጋ አሰበ። በ1804 በድኑ ከበረዶው ተላቅቆ ወደ አሸዋው ወረደ፤ ሹማኮቭም ሁለቱን ጥርሶች ቈርጦ 50 ሩብል በሚያወጣ ዕቃ ለአንድ ነጋዴ ለወጣቸው።

የዕፅዋት ሊቅ የነበረው ሚካኤል አዳምስ ወሬውን በያኩትስክ ሰምቶ ከቦታው የደረሰው በ1806 ነው። እስከዚያ ድረስ የአካባቢው ሰዎች ሥጋውን እየቈረጡ ውሾቻቸውን አብልተዋል፤ ተኩላውና ቀበሮውም የቀረውን ወስዷል። የሆነ ሆኖ አጽሙ በአብዛኛው፣ አንድ ጆሮና ከቆዳው ብዙው ቀርቶ ነበር። ቆዳው እጅግ ከባድ ስለነበር አሥር ሰዎች በጭንቅ አነሡት። ከመሬት የተለቀመውም ጠጉር 16 ኪሎ ያህል ሆነ። አጽሙ በ1808 በፔተርስቡርግ ተገጣጥሞ ቆመ፤ ዛሬም በዚያች ከተማ በእንስሳት ሙዚየም ይታያል።

እንግዲህ ልብ ብለን እንመልከት። ሹማኮቭ ካየበት ቀን አዳምስ እስከ ደረሰበት ቀን ሰባት ዓመት አለፈ። ሥጋው የጠፋው በእነዚያ ሰባት ዓመታት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ። ግን ጥፋቱን በአዳኙ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ያየውን ነገር ለማን እንደሚነግር የሚያሳየው ሰው አልነበረም፤ ነገሩ ዋጋ አለው ብሎ የጠየቀውም የጥርስ ነጋዴ ብቻ ነበር።

የቤሬዞቭካው ማሞዝ

ከመቶ ዓመት በኋላ ሁኔታው ተሻሽሎ እናገኘዋለን። በ1900 የኮሊማ ገባር በሆነው በቤሬዞቭካ ወንዝ ዳር አንድ አዳኝ ማሞዝ አገኘ። እርሱም ጥርሱን ሸጠ፤ ነገር ግን የገዛው ሰው ነገሩን ለመንግሥት አስታወቀ። የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚም በ1901 ኦቶ ሄርትስንና ጓደኞቹን ላከ። ሲደርሱ ኩምቢው ጠፍቶ፣ የራሱም ሥጋ በአውሬ ተበልቶ ነበር፤ የቀረው አካል ግን በመሬት ውስጥ ተቀምጦ ጠበቃቸው።

ብርዱ ሊጸና ተቃርቦ ስለነበር ሰዎቹ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። በበድኑ ላይ የግንድ ቤት ሠርተው በውስጡ ምድጃ አነደዱ። ሥጋው ሲላላላቸው እየቈረጡ ወደ ውጭ ያወጡታል፤ በውጭ ያለው ብርድ ደግሞ መልሶ ያደርቀዋል። ከዚያም በበረዶ ላይ በሚንሸራተቱ ጋሪዎች ጭነው ረጅሙን የሳይቤሪያ መንገድ ተጓዙ። በእንስሳው ጥርስ መካከል ገና አኝኮ ያልዋጠው ሣር ተገኘ። የዳሌውና የፊት እግሩ አጥንት ተሰብሮ ስለነበር ገደል ተንዶበት ወድቆ እንደሞተ ገመቱ። ዕድሜው በኋላ በካርቦን ሲለካ 44 ሺህ ዓመት ገደማ ሆነ።

ተረቱና ማስረጃው

ስለ እነዚህ በድኖች ሁለት ወሬዎች ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየመጽሔቱ ይዞራሉ። እንደ ተማሪነታችን ሁለቱንም መመርመር ይገባናል።

የመጀመሪያው፣ ማሞዞቹ ሣር እየጋጡ ሳሉ በድንገት በመጣ ብርድ በአንዲት ቀን ደርቀው ቀሩ የሚለው ነው። በጥርሱ መካከል የተገኘው ሣር ለዚህ ምስክር ተደርጎ ይጠቀሳል። ዳሩ ግን በድኖቹ ራሳቸው ይህን ያፈርሱታል። ፋራንድ የተባለው የምድር ጥናት ሊቅ በ1961 እንዳስረዳው፣ ብዙዎቹ በድኖች ከመድረቃቸው በፊት በከፊል በስብሰው ነበር። በቤሬዞቭካ የሠሩት ሰዎችም ከሽታው የተነሣ ተቸግረዋል። ደግሞም ዕድሜያቸው አንድ አይደለም፤ አንዱ 44 ሺህ፣ ሌላው 39 ሺህ፣ ሌላው ከዚያም ያነሰ ነው። በአንዲት ቀን የሞቱ ቢሆን ኖሮ ዕድሜያቸው አንድ በሆነ ነበር። እንዲያውም በሰሜን ባሕር ላይ ባለችው በራንግል ደሴት የነበሩት የመጨረሻዎቹ ማሞዞች የጠፉት ከዛሬ 4 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ነው። በግብፅ ትልቁ ፒራሚድ ሲሠራ በዚያች ደሴት ማሞዝ ገና ሣር ይግጥ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ወሬ የግብዣው ወሬ ነው። በ1951 በኒው ዮርክ የአሳሾች ክበብ ባደረገው እራት ላይ የጥንት አውሬ ሥጋ ቀረበ ተባለ። አንዳንዱ ማሞዝ ነው አለ፤ ሌላው ሜጋቴሪየም የተባለው የጠፋ ግዙፍ እንስሳ ነው አለ። እንደ ዕድል ሆኖ አንድ ሰው ከሥጋው ቁራጭ በብልቃጥ አስቀምጦ ነበር። በ2016 በዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚገኙባቸው ተመራማሪዎች የዘር ቅንጣቱን መርምረው የባሕር ኤሊ ሥጋ ሆኖ አገኙት። ስድሳ አምስት ዓመት የኖረ ወሬ በአንድ ብልቃጥ ተፈታ።

እውነተኛው ግብዣ ግን ያን ያህል አልተወራለትም። በ1979 በአላስካ በፌርባንክስ አጠገብ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች ባይሰን የተባለ፣ ጎሽ የሚመስል የጥንት እንስሳ አገኙ። በበድኑ ላይ ከወጣው ሰማያዊ ማዕድን የተነሣ ሰማያዊው ባይሰን ተባለ። ፕሮፌሰር ዴል ጋትሪ ቆዳውን ሲመረምር የአንበሳ ጥፍርና ጥርስ ምልክት አገኘበት፤ የተሰበረ የጥርስ ስባሪም በቆዳው ተሰክቶ ነበር። ስለዚህ አሟሟቱ ታወቀ። በ1984 ሥራው ሲፈጸም ጋትሪና ጓደኞቹ ከአንገቱ ጥቂት ሥጋ ቈርጠው በአታክልት ወጥ ሠርተው ቀመሱ። የታመመም አልነበረም።

ሥጋው የመሰከረው

በድኖቹ አጥንት ሊነግረን የማይችለውን ብዙ ነገር ነግረውናል። ማሞዝ ሁለት ድርብ ጠጉር እንደነበረው፣ ሙቀት እንዳይባክንበት ጆሮው ከአፍሪካ ዝሆን ጆሮ እጅግ ያነሰ እንደነበረ፣ በትከሻውም ላይ ስብ ያከማች እንደነበረ ከቆዳውና ከሥጋው ታውቋል። በ2010 በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከሳይቤሪያ ማሞዞች በተገኘው የዘር ቅንጣት መሪነት የማሞዝን ሄሞግሎቢን እንደገና ሠርተው መረመሩት። በብርድም ቢሆን ኦክሲጅንን ለሰውነት ለመልቀቅ የማይቸገር ሆኖ አገኙት። በ2021 ደግሞ ከሳይቤሪያ ማሞዝ ጥርስ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ የዘር ቅንጣት ተነበበ።

ማሞዝ ብቻም አይደለም። በ2020 በያኩቲያ የተገኘው፣ በ2024 ለዓለም የተገለጸው የጎራዴ ጥርስ አውሬ ግልገል ገና የሦስት ሳምንት ዕድሜ ያለው ነበር። ይህን ዘር እስከዚያ ድረስ በአጥንት ብቻ ነበር የምናውቀው። ጠጉሩ ጥቁር ቡና፣ መዳፉ ድቡልቡል፣ አንገቱ ወፍራም መሆኑ የታየው ያን ጊዜ ነው።

አንባቢያችን እንግዲያስ እነዚህ አራዊት ዳግመኛ ይነሡ ይሆን? ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። እስካሁን ከበረዶ የተገኘ ሕያው የማሞዝ ሴል የለም። በ2019 የጃፓን ተመራማሪዎች ዩካ ከተባለው የ28 ሺህ ዓመት ማሞዝ የሴል እምብርት ወስደው በአይጥ እንቁላል ውስጥ ቢያስገቡት ጥቂት የመንቀሳቀስ ምልክት አሳየ፤ ሊከፋፈል ግን አልቻለም። ዘሩ በዘመን ብዛት ተቈራርጦ ነበርና።

ከሰባት ዓመት ወደ አንዲት ቀን

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። በ2007 በያማል ልሳነ ምድር የኔኔት ነገድ የሆነ የአጋዘን እረኛ በወንዝ ዳር አንዲት የማሞዝ ጥጃ ወድቃ አገኘ። እንደ ሹማኮቭ እርሱም ፈራ፤ በእጁ ሳይነካት ወደሚያምነው ወዳጁ ሄዶ አማከረ፤ ሙዚየምም እንዲያውቅ አደረገ። ሲመለስ ግን በድኗ በቦታዋ አልነበረችም። ዘመዱ ወስዶ ለአንድ ባለሱቅ በሁለት የበረዶ ሞተሮች ለውጧት ነበር። ስትገኝ ከሱቁ ግድግዳ ጋር ተደግፋ ቆማለች፤ ውሾች ጆሮዋንና ጅራቷን ነክሰዋል። የቀረው አካሏ ግን ሙሉ ነበር። በእረኛው ሚስት ስም ሊዩባ ተባለች።

ሊዩባ የሞተችው ከ42 ሺህ ዓመት በፊት፣ በተወለደች በወሯ ገደማ ነው። አፏና ኩምቢዋ በጭቃ ተሞልቶ ስለተገኘ ጭቃ አፍኗት እንደሞተች ታወቀ። በሆዷ የእናቷ ወተት፣ በአንጀቷም የትልቅ ማሞዝ ፋንድያ ተገኘ። የዛሬ ዝሆን ግልገሎችም ሣር ለመፍጨት የሚረዷቸውን ረቂቅ ሕዋሳት የሚያገኙት የእናታቸውን ፋንድያ በመብላት ነው። ከሞተች በኋላ ሥጋዋን የጠበቁት ደግሞ ወተትን እርጎ ከሚያደርጉት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው ተብሎ ይታመናል፤ አኮምጥጠው ከብስባሴ ጠበቋት። እረኛው ዝም ቢል ኖሮ ይህ ሁሉ ዕውቀት የውሻ ቀለብ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በ2022፣ ሰኔ 21 ቀን፣ በካናዳ በክሎንዳይክ የወርቅ ማውጫ አንድ ሠራተኛ በመኪና አፈር ሲዝቅ አንድ ነገር ነካ። መኪናውን አቁሞ ወርዶ ቢያይ የማሞዝ ጥጃ ነበረች። ለአሠሪው ነገረ፤ አሠሪው ሥራውን አስቁሞ ለሊቃውንቱ ደወለ። በዚያው ቀን ተነሣች። ከተነሣች በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ ቢዘገዩ ኖሮ ጎርፍ በወሰዳት ነበር። የምድሩ ባለቤቶች የትሮንዴክ ህወቺን ሽማግሌዎችም ጸሎት አድርገውላት ኑን ቾ ጋ ብለው ሰየሟት። በቋንቋቸው ትልቅ የእንስሳ ግልገል ማለት ነው።

ሰባት ዓመት፣ ከዚያ አንድ ዓመት፣ ከዚያ አንዲት ቀን። በመካከሉ የተለወጠው በረዶው አይደለም፤ ባየው ሰውና በሊቁ መካከል ያለው መንገድ ነው።

የተከፈተው ጕድጓድ

ይህ ነገር ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። በእህል ጕድጓድ ያለ ጤፍ ክዳኑ እስካልተነሣ ድረስ እንደሚቆይ፣ ከተከፈተ በኋላ ግን ፈጥኖ ካልተወሰደ እንደሚበላሽ ሁላችንም እናውቃለን። የሰሜኑ ምድር ክዳን አሁን በየቦታው እየተነሣ ነው። የዓለም ሙቀት እየጨመረ ሲሄድ በረዶው ይቀልጣል፤ ዳርቻው ይናዳል። በያኩቲያ ባታጋይካ የተባለው ገደል በ1960ዎቹ ዛፍ በተመነጠረበት ቦታ ተጀምሮ ዛሬ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል። ያና የተባለችውን የማሞዝ ጥጃ በ2024 የአካባቢው ሰዎች ያገኟት ከዚያው ገደል ነው።

በድን በብዛት መገኘቱ ብቻውን ደስታ አይደለም። ለአንድ የሚገኝ ብዙ ማንም ሳያየው ይበሰብሳል። የማሞዝ ጥርስ ፈላጊዎችም የወንዙን ዳር በውሃ ግፊት እያጠቡ ለጥርስ ሲሉ ሌላውን ያፈርሳሉ። በ2016 በያማል የአባ ሰንጋ በሽታ ተነሥቶ ከ2 ሺህ በላይ አጋዘኖችና አንድ ልጅ ሞተዋል፤ ለመነሣቱም የበረዶው መቅለጥ ምክንያት ሆኗል ተብሎ ይታሰባል። ከሁሉም በላይ ይህ ምድር 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን ይዟል፤ በአየር ካለው እጥፍ ያህል ነው። እርሱ ወደ አየር በወጣ መጠን ሙቀቱ ይብሳል።

ነገሩ ከእኛ የራቀ የሚመስለው ካለ ወደ አፋር ይመልከት። የማሞዝ ዘር ራሱ መነሻው አፍሪካ ነው፤ ወደ ሰሜን የሄደው በኋላ ነው። በአፋርም ምድሩን የሚከፍተው ዝናብና ጎርፍ ነው፤ የተከፈተውንም በመጀመሪያ የሚያየው ከብትና ፍየል የሚጠብቀው ሰው ነው። በ2016 በወራንሶ ሚሌ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የራስ ቅል ሲገኝ የመጀመሪያውን የመንጋጋ ቁራጭ አንሥቶ ለዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ቡድን ያሳየው የአካባቢው ሰው ነበር። እርሱም ድንጋይ ነው ብሎ ቢያልፈው፣ ወይም የሚነግረው ሰው ቢያጣ፣ የሚቀጥለው ጎርፍ በወሰደው ነበር።

እኛ ነገ በየአውራጃው ተበትነን መምህር፣ ጸሐፊ፣ የመንግሥት ሠራተኛ የምንሆን ነን። ሊቅ ባንሆንም በእረኛውና በሊቁ መካከል መንገድ ልንሆን እንችላለን። ተማሪዎቻችን ያልተለመደ አጥንት ወይም ድንጋይ ይዘው ሲመጡ አናባርራቸው። የት እንዳገኙት እንጠይቅ፤ ቦታውን እንጻፍ፤ ለሚመለከተው ሰው እናስታውቅ። ዕቃው ከቦታው ሳይነሣ ቢቆይ ይሻላል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ላቦራቶሪ አይደለም፤ ሰው ያየውን ሲነግረን መስማት ነው።